ምዕራፍ 9፦ መሪው ሲላላ

ከመቀሌ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪና መሪ ግን የሚፈተነው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። መኪናው ኩሓን አልፎ የእንደርታን ሜዳ ሲይዝ የጎን ንፋስ ይቀበለዋል። አላጄ ላይ እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ወጥቶ ወደ ማይጨው ይወርዳል። በኮረም በኩል ከሄደ ደግሞ በግራ ካሕሱ ጥምዝምዝ ቁልቁለት፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አላማጣ ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ ሞተር ቢደክም ተሳፋሪው ይዘገያል። መሪ ቢላላ ግን ተሳፋሪው ጨርሶ ላይደርስ ይችላል።

በዚህ ምዕራፍ ምሳሌ የምናደርገው ቅጥቅጥ የሚባለውን አይሱዙ አውቶቡስ ነው። ከሥር ያለው ሻንሲ የጭነት መኪና ነው፤ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የሚዘረጋ ወጥ የፊት አክስል፣ ባሌስትራ እና የመሪ ሳጥን አለው። ከላይ ያለው ገላ ግን አገር ውስጥ በብረትና በላሜራ ተበይዶ የተጫነ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሲያረጅ የሾፌሩ ስሞታ አንድ ይሆናል፦ መኪናው ቀጥ ብሎ አልሄድ አለ።

መኪናዎቻችን የሚያረጁበት ምክንያትም መታወቅ አለበት። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ አሮጌውን ሸጦ ሌላ ከመግዛት ያለውን እየጠገኑ መንዳት የብዙ ባለንብረቶች ምርጫ ሆኗል። በትግራይ ደግሞ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት መንገድ፣ ባንክና ነዳጅ ሲዘጋ መለዋወጫም አብሮ ተዘጋ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ወደ ሥራ የተመለሱ መኪኖች ሁለት ዓይነት እርጅና ተሸክመው ነው የተመለሱት። አንዱ ከብዙ ኪሎ ሜትር የሚመጣው ነው። ሌላው ከመቆም የሚመጣው ነው፤ ቆሞ የኖረ መኪና ግራሶው ይደርቃል፣ ጎሚኒው ይሰነጠቃል፣ ፒኑ ይዝጋል፣ ጎማው ሳይሄድ ያረጃል።

ስሞታውን መለየት

ሾፌሩ ጋራዥ ገብቶ «መሪውን ጠበቅ አድርግልኝ» ሲል ከአራት የተለያዩ ችግሮች ስለ አንዱ ወይም ስለ ሁሉም ሊናገር ይችላል።

የመጀመሪያው ባዶ እንቅስቃሴ ነው፤ መሪው ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው መዋለል ነው፤ መሪው ሳይነካ መኪናው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ሾፌሩም ያለማቋረጥ ሲያርም ይውላል። ሦስተኛው መጎተት ነው፤ መኪናው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ያዘነብላል። አራተኛው መንቀጥቀጥ ነው፤ በተወሰነ ፍጥነት ወይም ጉድጓድ ሲመታ መሪው በእጅ ላይ ይርገፈገፋል። ባዶ እንቅስቃሴ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተበሉ መገጣጠሚያዎች ነው። መዋለል ከእነዚህም፣ ከጎማም፣ ከጭነትም፣ ከአክስሉ አቀማመጥም ይመጣል። መጎተት የጎማ አየር መበላለጥ ወይም አንድ በኩል የሚይዝ ፍሬን ሊሆን ይችላል። መንቀጥቀጥ ደግሞ በባላንስ፣ በተጣመመ ቸርኬ ወይም በተበላ ኪንግ ፒን (ጎማው ግራና ቀኝ በሚዞርበት ወፍራም ፒን) ይከሰታል። ስሞታውን ሳይለይ መፍቻ ያነሳ መካኒክ የባለንብረቱን ገንዘብ በግምት ያወጣል።

ትንሽ የምትመስል ልቅነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ስሌቱ ያሳያል። በእንዲህ ዓይነት መኪና መሪው 20 ዲግሪ ሲዞር የፊት ጎማ 1 ዲግሪ ያህል ይዞራል። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መሪ 20 ዲግሪ ማለት ጠርዙ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። አሁን መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ በፊትና በኋላ አክስሉ መካከል 3.8 ሜትር ርቀት አለው እንበል። የፊት ጎማዎቹ በ1 ዲግሪ ዞረው ለ2 ሰከንድ ብቻ ቢቆዩ መኪናው ከቀጥታ መስመሩ 2.5 ሜትር ይወጣል። ይህ ከመንገዱ አንድ ረድፍ አብዛኛው ነው፤ ከፊት የሚመጣ ተሳቢ ካለ ከበቂ በላይ ነው። የአሜሪካ የከባድ መኪና ደንብ 406 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው፣ ፓወር ለሌለው መሪ ጠርዙ ላይ ከ51 ሚሊ ሜትር የበለጠ ባዶ እንቅስቃሴ አይፈቅድም። ይህም ደንቡ የሚፈቅደው የመጨረሻ ወሰን ነው፤ ጤነኛ መሪ ከዚህ በብዙ ያንሳል።

ልቅነት ድምር ነው

ከሾፌሩ እጅ እስከ አስፋልቱ ድረስ መሪው ረጅም ሰንሰለት አለው። የመሪው ዘንግና መገጣጠሚያው፣ የመሪ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ፣ ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያስተሳስረው የመሃል ዘንግ፣ በየዘንጉ ጫፍ ያሉት ባለ ኳስ መገጣጠሚያዎች (በጋራዥ አጠራር ቴስቲኒ)፣ ኪንግ ፒኑ፣ የጎማው ኩሽኔታ፣ በመጨረሻም ጎማው ራሱ አሉ። እያንዳንዱ በጥቂቱ ቢበላ ለየብቻው ሲታይ «ገና ነው» ያሰኛል። ሾፌሩ እጅ ላይ የሚደርሰው ግን የሁሉም ድምር ነው።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብም ከዚህ ይነሳል፦ ምርመራው ከመሬት ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የመሪ ሳጥኑ የሚነካው በመጨረሻ ነው። በተግባር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሳጥኑ ላይ የምትታይ አንዲት ማስተካከያ ብሎን ስላለች፣ እሷን ማጥበቅም የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ፣ እጅ ቀድሞ ወደዚያ ይሄዳል። መሪው ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል። የተበላው ኪንግ ፒንና ቴስቲኒ ግን እንዳለ ነው፤ አደጋውም ተሸፈነ እንጂ አልተወገደም።

ጎማ

ሥራው የሚጀመረው ጎሚስታ ቤት ነው። የአየሩ መጠን መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይለካል። የግራና የቀኙ እኩል መሆን አለበት። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መሪውም የዘገየና የላላ ይመስላል። በአንድ አክስል ላይ ራዲያል ጎማና የድሮውን ዓይነት ባለ ናይሎን ጎማ ቀላቅሎ ማሰር መዋለልን በገንዘብ መግዛት ነው፤ ሁለቱ ለጎን ግፊት የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል።

የመቀሌ ሾፌሮች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በአብአላ በኩል ወደ ደናክል ሲወረድ ግን መሬቱ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይዘቅጣል። በከፍታው ልዩነት ብቻ የጎማ መለኪያው ወደ 3 ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳያል። የቆላው ሙቀት ደግሞ በከባድ ጎማ ላይ ከዚያ የበለጠ ይጨምርበታል። ስለዚህ ቆላ ወርዶ የጋለ ጎማ «በዛበት» ብሎ ማስተንፈስ ስህተት ነው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማው አንሶ ይገኛል። ልኬቱ በማለዳ፣ ባደረበት ቦታ ይሁን።

ጭነትና ንፋስ

ቅጥቅጡ ከኋላ አክስሉ ወደ ኋላ ረዘም ብሎ ይወጣል፤ ጣሪያው ላይም ዕቃ ይጫናል። ከኋላ አክስሉ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ 300 ኪሎ ብናስቀምጥ፣ በአክስሎቹ መካከል 3.8 ሜትር ባለው መኪና ላይ የፊቱ አክስል 118 ኪሎ ያህል ይቀልለዋል፤ የኋላው 418 ኪሎ ይጨመርበታል። የቀለለ የፊት ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ አይዝም፤ ሾፌሩ መሪውን ያዞራል፣ መኪናው ዘግይቶ ይከተላል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ወደ መሃልና ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይደረጋል። ምንም ሳይፈታ፣ ጭነት በማስተካከል ብቻ መሪው የተሻሻለለት መኪና ብዙ ነው።

ንፋሱም የዋዛ አይደለም። ከመቀሌ ብዙም ሳይርቅ አሸጎዳ ላይ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ 84 የንፋስ ተርባይኖች ተተክለውበት 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው ንፋሱ ብርቱና ዘላቂ ስለሆነ ነው። ያው ንፋስ ከፍ ያለውን የአውቶቡስ ጎን ሲመታው እንደ ግድግዳ ይገፋዋል። በዚህ ሜዳ ላይ ጤነኛ መኪናም ትንሽ ይገፋል። ልዩነቱ ጤነኛው በትንሽ እርማት ወደ መስመሩ መመለሱ ነው፤ የላላው ግን ሾፌሩ ያስተካከለው ሳይደርስ ሌላ ንፋስ ይደርስበታል። ፍጥነት መቀነስ እዚህ ላይ ትክክለኛ ጥገና እስኪደረግ ብቸኛው መድኃኒት ነው።

የሁለት ሰው ምርመራ

ጎማውና ጭነቱ ከተስተካከሉ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ይታያሉ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሾፌርና ረዳት ይበቃሉ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ በጎማው ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማው ሽብልቅ ይደረግለታል፣ ፓወር ካለው ሞተሩ ይነሳል። አንዱ መሪውን በአጭር በአጭሩ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ሌላው ከሥር ሆኖ መገጣጠሚያዎቹን በየተራ በዓይኑ ይከታተላል፣ በእጁም ይዳስሳል። አንዱ ዘንግ ሲንቀሳቀስ ቀጥሎ ያለው ካመነታ፣ በመካከላቸው ያለው ቴስቲኒ ተበልቷል። ሳጥኑ ራሱ ሻንሲው ላይ የሚነቃነቅ ከሆነ ወይ ቡሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይም ሻንሲው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ አቧራና ዘይት ስለሚሸፍነው ቦታው ታጥቦ ይታይ።

ቀጥሎ የፊት አክስሉ በክሪክ ይነሳና በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያርፋል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ልቅነት ካለ ኩሽኔታው ነው ወይስ ኪንግ ፒኑ? ለመለየት ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ልቅነቱ ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ጋ ነው። ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ ነው። ጎማው በግራና በቀኝ ጎኑ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚታየው ልቅነት ደግሞ ብዙ ጊዜ የቴስቲኒ ነው።

ኪንግ ፒን

ወጥ አክስል ባለው መኪና ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞረው በዚህ ወፍራም ፒን ላይ ነው። የሚገድለው የግራሶ እጦት ነው። ግራሶ ሲሰጠው አክስሉ ተነስቶ ጎማው ከመሬት ቢለቅ ይመረጣል፤ ክብደቱን የተሸከመው የታችኛው ኩሽኔታ ግራሶ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። አሮጌው ግራሶ ተገፍቶ አዲሱ እስኪወጣ ድረስ መቀጠል ያስፈልጋል። ከአንዱ ቀዳዳ ግራሶ አልወጣ ካለ መስመሩ ተደፍኗል ማለት ስለሆነ መከፈት አለበት።

ፒኑ ከተበላ ፒንና ቡሽ አብረው ይቀየራሉ። አዲሱ ቡሽ ሲገባ የግራሶ ቀዳዳው ከአካሉ ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት። ከገባ በኋላም የላይኛውና የታችኛው ቡሽ በአንድ መስመር በሪመር ተስተካክለው፣ ፒኑ ያለ መዶሻ በእጅ ግፊት የሚገባበት ልክ ላይ ይደርሳሉ። የከፍታው ክፍተት በቀጫጭን ማስገቢያ ሰሌዳ ይሞላል። የመቀሌ ቶርኖ ቤቶች ይህን በጥራት የመሥራት አቅም አላቸው፤ ተሳቢና የጭነት ገላ በማምረት የታወቀው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ያለባት ከተማ የብረት ሥራ ባለሙያ አላጣችም። ቡሽ በጥሩ ነሐስ ቶርኖ ላይ ሊወጣ ይችላል። ፒኑ ግን በእሳት የተጠናከረ ብረት ስለሆነ ከማንኛውም ዘንግ ተቆርጦ አይሠራም።

ባሌስትራና የፒኑ ዘመም ማለት

ብስክሌት በመቀሌ የተከበረ ስፖርት ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የተወለደው እዚሁ ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ላይኛው ጫፉ ወደ ኋላ ዘመም ያለ ነው። በዚህ የተነሳ ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከመዞሪያው መስመር ኋላ ሆኖ ይጎተታል፣ ብስክሌቱም ሲሄድ በራሱ ቀጥ ማለት ይወዳል። ኪንግ ፒኑም በዚሁ ምክንያት በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ዘመም ብሎ ይሠራል። ይህ ዘመም ሲቀንስ መሪው ከኩርባ በኋላ መመለስ ያቅተዋል፤ ቀጥታ መንገድ ላይም መኪናው ይዋልላል።

የፊት ባሌስትራ ሲደክምና ፊቱ ዝቅ ሲል ዘመሙ ይቀንሳል። የባሌስትራው ፒንና ቡሽ ከተበሉ ወይም አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ከላሉ ደግሞ አክስሉ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጫወታል፤ ያን ጊዜ መሪው ምንም ቢጠብቅ መኪናው አይረጋም። በመጀመሪያ የተበላው ይቀየራል፣ ባሌስትራው ይታደሳል። ከዚያ በኋላም ዘመሙ ከመመሪያው ካነሰ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል በልክ የተሠራ ሽብልቅ በግራም በቀኝም ይገባል። የደከመ ሾክ አብዞርበርም ቢሆን የሚቀየረው በዚህ ደረጃ ነው።

የመሪ ሳጥን

አሁን ወደ ሳጥኑ ደርሰናል። ውስጡ ጥርስ የወጣለት ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ በትናንሽ የብረት ኳሶች የሚንሸራተት አካል እና ክንዱን የሚያዞር ባለ ጥርስ ዘንግ አለ። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ በጣም የሚበላው የመሃሉ ክፍል ነው። ዳር ዳሩ ብዙም አልተበላም። ብሎኗ በኃይል ስትጠብቅ መሃሉ ልክ ይመጣና ዳሩ ይነክሳል። ሳጥኑ እንዲህ የሚነክስ መኪና ግራ ካሕሱ ላይ ኩርባውን ይዞርና መሪው አልመለስ ይለዋል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ሳጥኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ይፈታል። መሪው ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው በቀስታ ይዞርና ዙሩ ተቆጥሮ እኩሌታው ላይ ይቆማል፤ የሳጥኑ መሃል ያ ነው። መቆለፊያው ዳዶ ላላ ተደርጎ ብሎኗ በአንድ ጊዜ ከዙር አንድ ስምንተኛ ሳትበልጥ ትጠብቃለች። መሃሉ ላይ መጠነኛ ክብደት ሲሰማ በቂ ነው። ከዚያ መሪው ዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ የትም ቦታ መንከስ የለበትም። ከነከሰ ሳጥኑ ይፈታል ወይም ይቀየራል፤ በማስተካከል የሚድን አይደለም። ዘንጉ ሲመለስ ጎማዎቹ ቀጥ ባሉበት ጊዜ ሳጥኑም መሃሉ ላይ መሆኑ ይረጋገጣል። አለበለዚያ መኪናው ዕድሜውን በሙሉ በሳጥኑ ላላ ክፍል ሲነዳ ይኖራል።

አላይመንት በሜትር

የመጨረሻው የጎማዎቹ አቅጣጫ ነው። አላይመንት ማሽን ካለ መልካም ነው፤ ከሌለ ሜትር ይበቃል። ጎማው ተነስቶ እየተሽከረከረ መሃሉ ላይ በሹል ነገር ቀጭን መስመር ይሰመርበታል። መኪናው ወርዶ ጥቂት ወደ ፊት ከተገፋ በኋላ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት በፊት በኩልና በኋላ በኩል፣ በጎማው እምብርት ከፍታ ይለካል። የፊቱ ልክ ከኋላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት፤ ለብዙ ወጥ አክስሎች ከ0 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቁርጡን መመሪያው ይሰጣል። የፊቱ ከበለጠ ጎማዎቹ ወደ ውጭ ያያሉ፣ መኪናውም እያንዳንዱን የመንገድ ጉድፍ ይከተላል። ይህ ሥራ የተበሉ መገጣጠሚያዎች ሳይቀየሩ ከተሠራ ልኩ በሳምንቱ ይፈርሳል።

የማይደረግ ነገር

መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ብልሃት ሕይወትን አቆይቷል፤ ለዚያ ክብር ይገባዋል። በመሪ ላይ ግን ብልሃት ወሰን አለው። የመሪ ክንድ፣ የመሪ ዘንግ፣ የቴስቲኒ ኳስ አይበየድም። በእሳት የተጠናከረ ብረት ሲበየድ ጥንካሬውን ያጣል፣ ቀጥሎ የሚሰበረውም ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ያረጀ ቴስቲኒ በመዶሻ ተደብድቦ አይጠብቅም። ዳዶውን የምትቆልፈው ኮፒሊያ በሽቦ አትተካም፤ አንዴ የወጣችም ተመልሳ አትገባም፣ በአዲስ ትቀየራለች። የመሪው ሥራ ካለቀ በኋላ ባዶ መኪና በዝግታ ይነዳል። ከኩርባ በኋላ መሪው በራሱ መመለሱ፣ ቀጥታ ላይ መርጋቱ፣ ፍሬን ሲያዝ አለመጎተቱ ይፈተሻል። ቡሎኖቹም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና ይታያሉ።

ዓመታዊው ምርመራ ቦሎ ያስለጥፋል፤ ነገር ግን መኪናው የተመረመረው በዓመቱ በአንድ ቀን ነው፣ ሰው የሚጭነው በቀሩት ቀናት ሁሉ ነው። ስለዚህ ባለንብረት የሆናችሁ፣ ሾፌሩ «መሪው አላማረኝም» ሲል የዕለቱን ገቢ አታስቀድሙ። መካኒክ የሆናችሁ፣ የሳጥኑን ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ከመኪናው ሥር ግቡ። ሾፌርና ረዳት የሆናችሁ ደግሞ፣ የሁለት ሰው ምርመራውን አላጄን ከመውጣታችሁ በፊት መቀሌ ላይ ጨርሱት።